ጭቃ ላይ የቆሙ ሽማግሌዎች

ሐበሻ ወንድ ሴት ሲወድ ሽማግሌ ይልካል ያላችሁ ማነው? ውሸት! ሐበሻ ወንድ ሴት ሲወድ ትል ይቆፍራል። አትሳቁ... እኔ ቆፍሬያለሁ። ሰባት ቅዳሜ ሙሉ እስከ ክርኔ ጭቃ ውስጥ ገብቼ የባሕር ትል በባዶ እጄ ስለቅም ነው የከረምኩት። እናቴ ያኔ ብታየኝ «ልጄን አንድ ነገር አስነክተውታል» ብላ ሰፈሩን ሁሉ ዱዓ ታስደርግ ነበር።

ትል ስላችሁ ደግሞ ዝናብ ሲዘንብ ግቢ ውስጥ የሚንፏቀቀው ምስኪን እንዳይመስላችሁ! የሳን ፍራንሲስኮ ባሕር ትል ሌላ ፍጥረት ነው። ርዝመቱ ስንዝር ይበልጣል፣ እግሩ ተቆጥሮ አያልቅም፣ መልኩ የዛገ መዳብ ነው። ይሄ ሁሉ ምንም አይደለም። ስትይዙት ከጉሮሮው ውስጥ ሁለት ጥቁር መንጋጋ ብቅ አድርጎ ጣታችሁን ቆንጠጥ ያደርጋችኋል። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ጎመን ውስጥ ትል ካየሁ ሳምንት ምግብ የማይወርድልኝ ሰው ነኝ።

«ታዲያ ማን አስገደደህ?» ትሉኛላችሁ። ዘይነብ ናት ያስገደደችኝ።

ኋላ ግራ እንዳይገባችሁ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ስሜ ጀማል ነው። ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር የሚጎትት ከባድ መኪና እነዳለሁ። ወደቡ ላይ «ጀማል» ብሎ የሚጠራኝ ሰው የለም፤ ሁሉም «ጂሚ» ነው የሚለኝ። ዘይነብ ሳን ሆዜ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት፤ የምትኖረው ግን ሳን ሊያንድሮ ከአባቷ ጋር ነው። ሁለት ዓመት ከተዋወቅን በኋላ ልንጋባ ወሰንን። ከዚያ የቀረው አባቷ ዘንድ ሽማግሌ መላክ ብቻ ነበር። ብቻ ነበር አልኩ እንዴ? ወይ እኔ!

አባቷ ጋሽ ሰይድ ይባላሉ። የወሎ ሰው ናቸው፣ ሐይቅ ዳር ተወልደው ዓሣ እያጠመዱ ያደጉ። ኦክላንድ መሐል ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ ሃያ ምናምን ዓመት የሰው መኪና ሲያቆሙ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ሚስታቸው ካረፉ ቆይቷል። ያለቻቸው አንድ ልጅ፣ ዘይነብ ናት። ታዲያ ጋሽ ሰይድ ሽማግሌ ሲሸታቸው የሚሸሹበት ቦታ አላቸው... ባሕር ይገባሉ።

መጀመሪያ የላክኋቸው ሽማግሌዎች ቅዳሜ ጠዋት ቤታቸው ሄዱ። ዘይነብ በር ከፍታ «ባባ ሎው ታይድ ነው ብሎ ወጣ» አለቻቸው። ሽማግሌ አይናደድምና ተመለሱ። በሁለተኛው ጊዜ ብልጥ ሆነው ከሰዓት በኋላ ሄዱ። ዘይነብ በር ከፍታ «ባባ ሃይ ታይድ ነው ብሎ ወጣ» አለቻቸው። ለካ ሰውየው ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃው ላይ ትል ይቆፍራሉ፤ ባሕሩ ሲመለስ በቆፈሩት ትል ዓሣ ያጠምዳሉ። በቀን ውስጥ ሽማግሌ የሚያስገባ ቀዳዳ የለም!

ሰውየው የፈሩት ነገር እንዳለ ዘይነብ ገብቷታል፤ ምን እንደሆነ ግን አልነገሯትም። ስለዚህ አንድ ቀን ኮል አድርጋ ፕላኗን ነገረችኝ። «ባባ የሚያምነው አብሮት ትል የሚቆፍረውን ሰው ብቻ ነው። ወገቡን እያመመው ነው፣ ሄልፕ አድርገው። ሲወድህ ያኔ አንተ መሆንህን እንነግረዋለን» አለችኝ። ትል እንደምጠላ ታውቃለች እኮ! ሱቅ ሄጄ ገዝቼ ብወስድላቸውስ ብዬ ለመንኳት። ሳቀችና ስልኩን ዘጋችው።

በማግስቱ ቅዳሜ ጋሽ ሰይድ ፊት ቀረብኩ። ዘይነብ «ይሄ ጂሚ ይባላል፣ የሥራ ባልደረባዬ ወንድም ነው፣ ፊሺንግ መማር ይፈልጋል» ብላ አስተዋወቀችኝና መኪናዋን አስነሥታ ጠፋች። ጋሽ ሰይድ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ላይሰንስ አለህ ወይ የሚል ነበር። ለካ ለትል ቆፋሪም የዓሣ ማጥመጃ ላይሰንስ ያስፈልገዋል! ሄጄ አወጣሁ። የከባድ መኪና መንጃ ፈቃዴን ሳወጣ እንኳ እንደዚያ አልተንቀጠቀጥኩም።

የሚቆፍሩበት ቦታ ከሳን ሊያንድሮ ወጣ ብሎ ነው፣ ከከተማው የሚወርደው ጅረትና ባሕሩ የሚገናኙበት ረግረግ። ባሕሩ ሲሸሽ ዓይን እስኪደክም ጭቃ ብቻ ይቀራል። ሱቅ ስለሚሸጠው ትል ስጠይቃቸው ፊታቸውን አጨፈገጉ። የተገዛ ትል ሐሞት የለውም፣ ዓሣውም ያውቀዋል አሉኝ። ደንባቸው ደግሞ ጥብቅ ነው። ድንጋይ ካነሣህ ትሉን ወስደህ ድንጋዩን እንደነበረ መልሰህ ትከድናለህ፤ የፍጥረት ቤት ነው፣ ጣራውን ገልጠህ አትሄድም። ያገኘኸውን ሁሉ አትጠርግም። ትሉን ከባሕር ሣር ጋር እርጥብ ጋዜጣ ላይ ታስተኛዋለህ። ከሁሉ በላይ ግን ጭቃው ላይ አትቆምም። ወይ ትራመዳለህ፣ ወይ ይዘህ በመጣኸው ጣውላ ላይ ትንበረከካለህ። «ጭቃ የቆመ ሰው ይወዳል» ይሉ ነበር።

የመጀመሪያው ትል ሲነክሰኝ የጮኽኩት ጩኸት ማዶ አይሮፕላን ማረፊያው ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ጋሽ ሰይድ ቀና ብለው «ነከሰህ ወይስ ሰደበህ?» ብለውኝ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። በሁለተኛው ቅዳሜ ጩኸቴ ቀነሰ። በሦስተኛው ዓይኔን ጨፍኜ መያዝ ለመድኩ። በአምስተኛው ሳምንት ሳላስበው ትሉን «ና እስቲ አንተ» እያልኩ ሳናግረው ራሴን ያዝኩት። ጋሽ ሰይድም ወደዱኝ። ሳንድዊቻቸውን ለሁለት ይገምሱልኛል፣ ከፔርሙዛቸው ሻይ ይቀዱልኛል። እኔ ግን ማንነቴን የምነግርበት ቀን ሲርቅብኝ፣ ሲርቅብኝ... ሰውየው የወደዱት ጂሚን ነው። ጀማልንማ ሁለቴ ሸሽተውታል።

ሰባተኛው ቅዳሜ ደረሰ። ጣውላው ላይ ጎን ለጎን ተንበርክከን ስንቆፍር ጋሽ ሰይድ ሳልጠይቃቸው ነገሩን አፈረጡት። ለልጃቸው ሁለቴ ሽማግሌ እንደመጣና ሁለቴም እንደሸሹ ነገሩኝ። ልጁን አያውቁትም፣ ስሙን እንኳ አልሰሙም። ግን ሰው «ሳን ሆዜ ሊወስዳት ነው» ብሏቸዋል። ከዚያ መቆፈራቸውን ትተው ወደ ባሕሩ እያዩ፦

«ከሄደች እኔ ቅዳሜ ያጠመድኩትን ዓሣ ይዤ የማንን ደጅ አንኳኳለሁ?» አሉኝ።

እናንተዬ... መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ! ምክንያቱም እውነት ነው። ከዘይነብ ጋር ሳን ሆዜ አንድ አፓርትመንት አይተን አፕላይ አድርገናል። በየቀኑ 880 አውራ ጎዳና ላይ ሁለት ሰዓት እየተንገላታች አሳዘነችኝ፣ ሥራዋ አጠገብ እንኑር ብለን ነው። ይሄን ግን ማናችንም ለአባቷ አልነገርንም። በዚያች ደቂቃ አንድ ትል አውራ ጣቴን ነከሰኝ። ወላሂ ይገባኛል ብዬ ዝም አልኩት።

ይሄን እያሰብኩ ቀና ብል ምን ልይ! ሦስት ሰዎች ሙሉ ሱፍ ለብሰው፣ ከራቫት አሥረው፣ ጭቃውን እያቋረጡ ወደ እኛ ይመጣሉ። ሽማግሌዎቼ!

ኋላ እንደተረዳሁት ትዕግሥታቸው አልቆ ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ጋሽ ሰይድ ቤት ሄደው ሲያጧቸው ጎረቤት ጠይቀው «ሰውየው ቤቱ ካልተገኘ ያለበት እንይዘዋለን» ብለው ነው የመጡት። መሪያቸው ጋሽ ተኽለ ናቸው፣ አልባኒ ውስጥ ላውንደሪ ያላቸው ኤርትራዊ ሽማግሌ፤ አማርኛቸው የኔን አማርኛ ቁጭ ብሎ ያስተምራል። ልብሳቸውን ራሳቸው ስለሚተኩሱት የሱሪያቸው መስመር ሽንኩርት ይከትፋል። ሁለተኛው ሐጂ አወል ናቸው፣ ቤታቸው አንድ ክፍል ተከራይቼ የምኖርባቸው። ሦስተኛው ግርማ የሚባል ባለ ታክሲ ነው። ግርማ በሽምግልና ላይ ሥራው አንድ ነው፤ ትልልቆቹ ሲናገሩ «ልክ ነው» ይላል።

መቼም ታውቁታላችሁ፣ አግቢው ሽምግልናው ላይ አይገኝም። ነውር ነው። የትም ይሂድ፣ ቤቱ ተቀምጦ ጥፍሩን ይብላ፣ ብቻ እዚያ አይታይ! እኔ ግን ያለሁት ሜዳ ላይ ነው። ዛፍ የለ፣ ግድግዳ የለ። አንድ የተጣለ የመኪና ጎማ አየሁና ከኋላው በደረቴ ተኛሁ። ጋሽ ሰይድ ምን ሆንክ ሲሉኝ ትልቅ ትል አይቻለሁ አልኳቸው።

ሽማግሌዎቹ ግን አዩኝ። ጋሽ ተኽለ ባሉበት ቀጥ አሉ። እኔም ከጎማው ሥር ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ተማጸንኳቸው። ሽማግሌ ማለት ሽማግሌ ነው፤ ፊታቸው ላይ አንዲት ጅማት ሳትንቀሳቀስ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አንሥተው ጋሽ ሰይድን እጅ ነሡ። ችግሩ የቆሙት የጭቃው ክፉ ቦታ ላይ መሆኑ ነው። ሽማግሌ ደግሞ ባለቤቱ «ግቡ» እስኪለው ከደጅ ይቆማል። እዚያ ደጅ የለም እንጂ እነሱ ከደጅ መቆማቸው ነው! ሦስቱም በሰልፍ ቆሙ፣ መስመጥም ጀመሩ።

ጋሽ ሰይድ ጭቃውን ስለሚያውቁት ደነገጡ። «የቆማችሁበት ቦታ ክፉ ነው። ቁጭ በሉና እግራችሁን ንቀሉ፣ ቆማችሁ አይወጣም» አሏቸው።

ጋሽ ተኽለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸም አንቀመጥም።»

«እየሰመጣችሁ ነው እኮ!»

«ከሰመጥንም ቆመን ነው» አሉ ጋሽ ተኽለ።

«ልክ ነው» አለ ግርማ፤ እግሩን ለመንቀል ሲታገል የግራ ጫማው ጭቃ ውስጥ ቀርቶ ነበር።

እንግዲህ ጋሽ ሰይድ ማምለጫ አጡ። ቤት ቢሆን በጓሮ በር ይወጡ ነበር። ዙሪያውን አዩ፣ ሰማዩን አዩ፣ በመጨረሻ እኔን አዩ። ያኔ ነው ጉድ የመጣው! እናንተ ሦስት ናችሁ፣ እኔ አንድ ነኝ፣ የልጅ ነገር ያለ ሽማግሌ አልነጋገርም አሉና ወደ ጎማው ዞረው «ጂሚ፣ ተነሥ። በኔ በኩል ሽማግሌዬ አንተ ነህ። አንተ ጠይቅ፣ አንተ ፍረድ» አሉኝ።

እስቲ ፍረዱኝ! ራሴ ለማግባት የላክኋቸውን ሽማግሌዎች፣ ስለ ራሴ፣ በልጅቷ ወገን ሆኜ ልመርምር? አልችልም ብል ምክንያት ልጠየቅ ነው። እችላለሁ ብል... ምን አማራጭ አለኝ! ትል እያንጠባጠብኩ ተነሥቼ ጣውላው ላይ ከጋሽ ሰይድ ጎን ቆምኩ። ጋሽ ተኽለ ፊት ለፊት እያዩኝ ጀመሩ።

ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል አሉ። ልጃችን ጀማል ይባላል፣ ጨዋ ነው፣ ሠራተኛ ነው፣ ጭቃ የማይነካው ንጹሕ ልጅ ነው አሉ። ከቅንድቤ ላይ የጭቃ ጠብታ ወርዶ አፌ ውስጥ ገባ። ሐጂ አወል ተቀበሉና ዲኑን ጠባቂ ነው፣ የንጋቱ ሱብሂ ሶላት አልፎት አያውቅም አሉ።

ጋሽ ሰይድ በጆሮዬ «አጥብቀህ ጠይቅ፣ ዝም ብለህ እንዳትቀበል» አሉኝ።

«ሐጂ» አልኩ በማላውቀው ድምፅ፣ «ሱብሂ ሲሰግድ በዓይንዎ አይተዋል?»

ሐጂ አወል መስመጡም እድሜያቸውም ከበዳቸው መሰለኝ፣ ጭቃ ላይ ቆሞ መዋሸት ፈሩ። «አላርሙ ሲጮህ እሰማለሁ» አሉ።

«ከዚያስ? ይነሣል?»

«ከዚያ አላርሙን ያጠፋዋል።»

«ልክ ነው» አለ ግርማ።

ጋሽ ሰይድ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ደስ ብሏቸዋል! እኔም... ምን እንደገባብኝ አላውቅም፣ ሥራው እየጣመኝ መጣ። ለካ ሰው የራሱን ገመና ስለሚያውቅ ከራሱ የባሰ መርማሪ የለውም። የሚነዳው መኪና የራሱ ነው ሲሉኝ የኩባንያው መሆኑን አወጣሁባቸው። ምግብ ማብሰል ይችላል ሲሉኝ ምን ምን ብዬ ያዝኳቸው፤ ከእንቁላል አላለፉም። ጋሽ ተኽለ ጉልበታቸው ድረስ ሰምጠው በዓይናቸው «አብደሃል?» ይሉኛል። ከኋላቸው ባሕሩ መመለስ ጀምሯል፤ ውሃው እንደ ምላስ እየላሰ ይመጣል።

በመጨረሻ ጋሽ ሰይድ ድምፃቸው ተለወጠ። «የት እንደሚያኖራት ጠይቅልኝ» አሉኝ።

ጠየቅኩ። ጋሽ ተኽለ ዓይናቸውን ሳያሹ እዚሁ ሳን ሊያንድሮ፣ ከአባቷ ደጅ አጠገብ ነው አሉ። ስለ እኔ ብለው ነው የዋሹት። ዞር ብዬ ጋሽ ሰይድን አየኋቸው። ፊታቸው በርቷል! ሰባት ሳምንት አብሬያቸው ስውል እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ዝም ብል ነገሩ አልቋል። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ! ዘይነብ የኔ ናት፣ ሽማግሌዎቹ ይድናሉ፣ ትል በሕይወቴ አልነካም። ግን ያ የበራ ፊት ነገ ሳን ሆዜን ሲሰማ ምን እንደሚሆን ታየኝ። አልቻልኩም።

«ሐሰት ነው» አልኩ። «ልጁ ሳን ሆዜ አፓርትመንት አይቷል። አፕላይም አድርጓል።»

«ልክ ነው» አለ ግርማ፤ ከዚያ ምን እንዳለ ገብቶት አፉን በእጁ ያዘ።

ጋሽ ሰይድ ሳያዩኝ ፍርዱን ስጥ አሉኝ። ዘይነብን እያሰብኩ «አይሆንም» አልኩ። «ይሄ ልጅ ለዘይነብ አይሆንም።» በዓለም ላይ ራሱን በራሱ ሽማግሌነት የከለከለ ሰው እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም!

ጋሽ ሰይድ ሁለት እጄን ከነትሉ ያዙት። ሰው ማለት አንተ ነህ፣ ልጄን የምሰጥ ብሆን ለእንዳንተ ዓይነቱ ነበር አሉኝ። ይሄን ጊዜ ውሃው የሐጂ አወልን ሱሪ ነክቶ ነበር። ጋሽ ተኽለ የሽምግልና ወጋቸውን፣ እርስዎታቸውን፣ ሁሉንም እርግፍ አድርገው ተዉት።

«ሰይድ፣ ልጁ እኮ እሱ ነው!»

ጋሽ ሰይድ እኔን አዩኝ። የትሉን ባልዲ አዩ። መልሰው እኔን አዩኝ።

«ጀማል?»

«አቤት።»

«ጂሚስ?»

«እሱም እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ አልተቆጡም። ይስቃሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ አልሳቁም። ጢማቸውን በጭቃ እጃቸው እየደባበሱ ብዙ አሰቡ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው ነገሩን በረጅሙ አስረዱ። ሽማግሌ የፈረደውን እኔ ብሽር ነገ ማን ሽማግሌ ይሆነኛል አሉ። ፍርዱን ሊያነሣ የሚችለው የፈረደው ሰው ብቻ ነው፣ እሱን ለምኑት አሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ! በሉ እንግዲህ፤ ሦስቱ ሽማግሌዎች እግራቸው ስለተያዘ ወገባቸውን ብቻ ወደ እኔ አዙረው፣ ዘይነብን ለእኔ እንድሰጥ እኔን ይለምኑኝ ጀመር። ጋሽ ተኽለ በጥርሳቸው መሐል ነው የለመኑኝ። ሐጂ አወል የነቢዩን ስም ጠሩ። ጋሽ ሰይድ ደግሞ ከጎኔ ሆነው በቀላሉ እሺ እንዳትል፣ ወግ ነው ይሉኛል። እኔም ልማድ ይዞኝ «መክረን ሌላ ቀጠሮ እንስጣችሁ» ልል ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ጋሽ ተኽለ ውሃው ውስጥ ሆነው አዩኝ። ያን አስተያየት አይታችሁ ቀጠሮ የምትሰጡ ከሆነ እናንተ ጀግኖች ናችሁ።

«ስለ ልጁ አንድ እውነት ንገረኝ» አሉኝ ጋሽ ሰይድ። «አንድ። ሽማግሌ ያልቀባባው።»

ምን ልበል? መኪና የለኝ፣ ሱብሂ አልነሣ። ያለኝ ያው ነው።

«ልጁ ትል ይፈራል» አልኩ። «ሲያየው ይዘገንነዋል፣ እስካሁንም አልለቀቀውም። ግን ሰባት ቅዳሜ አንድም ቀን አልቀረም። መጀመሪያ ለእሷ ብሎ ነበር። ኋላ ግን ለእርስዎም ብሎ ነው። ሳን ሆዜ ይቅርበት። እዚሁ ይኑር፣ እዚሁ ይቆፍር።»

ድምፄ ተሰባበረ። አላፍርም፣ አልቅሻለሁ! ጭቃ ስለነበርኩ ግን ማንም አላየኝም። ጋሽ ሰይድ ልጃቸው ሲከፋት ከትሉ እንደምትብስ፣ ትሉን የቻለ እሷንም ይችላታል ብለው እንደሚያስቡ ለሽማግሌዎቹ ተናገሩ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ።

«ሰጥቻለሁ። አሁን ተቀመጡ።»

ሦስቱም ሽማግሌዎች፣ በሙሉ ክብር፣ የኮታቸውን ጫፍ ሰብሰብ አድርገው፣ ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ። እንዲህ ያለ ግርማ ሞገስ ያለው አቀማመጥ ሳሎን ውስጥም አላየሁ! ሐጂ አወል እዚያው እጃቸውን ዘርግተው ፋቲሃ አደረጉ፣ ጋሽ ተኽለ አሜን አሉ። ከዚያ በጀርባቸው ወደ ኋላ ጋደም እያደረግናቸው እግራቸውን አንድ በአንድ ነቀልን። ስድስት ጫማ ይዘው መጥተው በአንድ ተመለሱ። የግርማ የቀኝ እግር ጫማ ነው የተረፈው።

ቤት ስንደርስ ዘይነብ በር ላይ አምስት የጭቃ ሐውልት አየች። አባቷ በደስታ ሰጥቻለሁ ሲሏት እንባዋ መጣ፤ ዘላ አቀፈቻቸው፣ ነጩ ሹራቧ ጠፋ። ቀጥሎ እዚሁ ሳን ሊያንድሮ ልትኖሪ ተስማማን ሲሏት ግን እንባዋ ባለበት ደረቀ። አንድ በአንድ አየችን።

«880 ላይ በየቀኑ ድራይቭ የማደርገው እኔ ነኝ። ጭቃው ላይ እኔን አስክ ያደረገ ሰው ነበር?»

የለም። አምስት ወንዶች፣ ሦስቱ ሽማግሌ፣ አንዱ አባት፣ አንዱ እኔ... አንዳችንም አላሰብነውም! ግርማ እንኳ «ልክ ነው» ለማለት ፈራ። ዘይነብ መታጠቢያ ቤት ገብታ ግማሽ ሰዓት ቆየች። ስትወጣ ቆርጣለች። ባባን ጥላ እንደማትሄድ፣ ይሄንንም ቀድመው ቢነግሯት ኖሮ አፓርትመንት ፍለጋ እንደማትገባ ለአባቷ ነገረቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ጠዋት ጠዋት ሳን ሆዜ የምታደርሰኝ አንተ ነህ አለችኝ። ፈረቃዬን አስቀይሬ ይኸው ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት እነሣለሁ። ሐጂ አወል አሁን ሱብሂ ይሰግዳል ቢሉ አይዋሹም።

ተጋባን። ቤታችን ከጋሽ ሰይድ ቤት ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው፣ ቅዳሜ ዓሣቸውን ይዘው በሩን ያንኳኳሉ። ደስተኛ ነኝ። አንድ ነገር ብቻ ነው ያሸነፈኝ። ባልና ሚስት መጣላቱ አይቀርም፤ ቆሻሻ ሳላወጣ እረሳለሁ፣ ያመጡልንን ዓሣ አሳርራለሁ፣ ዘይነብም እየተቆጣች አባቷ ዘንድ ለክስ ትሄዳለች። እኔም ይገላግሉኛል ብዬ ተከትያት እሮጣለሁ። ጋሽ ሰይድ ግራ ቀኙን በጥሞና ሰምተው፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ሁልጊዜ ያንኑ ፍርድ ይሰጣሉ።

«ልጄ፣ እኔ ምን ላድርግሽ? ያኔ አንድ አስተዋይ ሽማግሌ ነበረኝ። 'ይሄ ልጅ አይሆንም' ብሎ በግልጽ ነግሮኝ ነበር፤ አልሰማሁትም።»